ዓይንን ማስካድ

አንድ ሰው ያየውን ነገር በእርግጥ ማየቱን በመሐላ ሲያጸና «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ይላል። መሐላው ቀላል አይደለም። ሰው ከአካላቱ ሁሉ አብልጦ የሚሳሳለትን ዓይኑን ለእውነት መያዣ አድርጎ ያስይዛል፤ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ እንደሆነ ማየቱ ራሱ ይቅርብኝ ማለቱ ነው። ከመሐላው ሥር አንድ የቆየ እምነት ተኝቷል፤ ይኸውም ዓይን ባለቤቱን የማይዋሽ፣ ከጎረቤትም ከዘመድም የቀረበ እማኝ ነው የሚል እምነት ነው።

ይሁንና ሰው በሰው ላይ ከሚፈጽማቸው በደሎች መካከል ይህን እማኝ ከባለቤቱ ጋር የሚያጣላ አንድ በደል አለ። በዚህ በደል የተያዘ ሰው ንብረቱ ላይነካ፣ አካሉ ላይቆስል ይችላል። የሚወሰድበት «አይቻለሁ» ብሎ የመናገር፣ ከዚያም አልፎ «አይቻለሁ» ብሎ የማሰብ ሥልጣኑ ነው። ይህ በደል ከተራ ውሸት በምን ይለያል? ከክፋትስ ሚዛን የት ላይ ይቀመጣል? በአጠገቡ ቆሞ የሚያይ ሰውስ ምን ዕዳ አለበት? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ለዚህ በደል ያወጣለት ስም የተገኘው ከፈላስፎች መጽሐፍ ወይም ከሐኪሞች መዝገብ ሳይሆን ከቴአትር መድረክ ነው። ቃሉ «ጋዝላይቲንግ» ይባላል። መነሻውም ፓትሪክ ሃሚልተን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በአገሩ ለመድረክ የበቃው «ጋዝ ላይት» የተሰኘ ተውኔት ነው፤ የአርእስቱ ትርጉም «የጋዝ መብራት» ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ተውኔቱ በኒውዮርክ ብሮድዌይ «ኤንጅል ስትሪት» በሚል አርእስት ከ1941 እስከ 1944 ድረስ 1,295 ጊዜ ታይቷል። በ1940 በእንግሊዝ፣ በ1944 ደግሞ በአሜሪካ ፊልም ሆኖ ተሠርቷል። በጆርጅ ኩከር አዘጋጅነት የቀረበው የ1944ቱ ፊልም ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ለተጫወተችው ለኢንግሪድ በርግማን የኦስካር ሽልማት አስገኝቶላታል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ19ኛው መቶ ዓመት በለንደን ከተማ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ነው። ባል ሚስቱን በፍቅር ቃል እያባበለ፣ መልሶም በዚያው አንደበቱ እየገሠጸ ያኖራታል። ሥዕል ከግድግዳ አውርዶ ይደብቅና «ለምን አወረድሽው?» ብሎ ይጠይቃታል። ዕቃ ይሰውርና የጣለችው እርሷ እንደሆነች ይነግራታል። በሠራተኞቿ ፊት ያሸማቅቃታል፤ ከሰው ይለያታል። ማታ ማታ ከቤት ይወጣና በስውር መንገድ ተመልሶ ወደ ተዘጋው የላይኛው ፎቅ ይገባል። እዚያም ከዓመታት በፊት በዚያው ቤት የገደላትን ሴት የከበሩ ድንጋዮች ይፈልጋል። የዘመኑ የቤት መብራት በቧንቧ በሚመጣ ጋዝ የሚነድ ነበርና፣ አንዱ መብራት ሲለኮስ የሌላው ነበልባል ዝቅ ይላል፤ የምድር ቤቱ የውሃ ቧንቧ ሲከፈት የፎቁ ውሃ እንደሚቀጥን ማለት ነው። ስለዚህ ባልየው ከላይ መብራት በለኮሰ ቁጥር ሚስቲቱ ከታች የተቀመጠችበት ክፍል መብራት ይደበዝዛል።

ከዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ስለ ቃሉ የሚናገሩ ብዙ ሰዎች፣ ባልየው ሆን ብሎ መብራቱን እያደበዘዘ ሚስቱን ሊያሳብዳት እንደሞከረ አድርገው ይተርካሉ። ታሪኩ ግን እንዲያ አይደለም። ሥዕሉና ዕቃው የተንኮሉ መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ መብራቱ ተንኮለኛው ሳያስበው ያመለጠው ምልክት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ያልዋሸ ነገር ቢኖር መብራቱ ነበር። ሴቲቱ እውነቱን በየማታው በዓይኗ ታየዋለች፤ ነገር ግን «እኔም አይቻለሁ» የሚላት ሰው በማጣቷ፣ የባሏን ወንጀል የሚመሰክረውን ምልክት የራሷን እብደት የሚመሰክር አድርጋ ትቆጥረዋለች። በደሉ ስሙን የወረሰው ከውሸቱ ሳይሆን ከእማኙ ነው። የነገሩ ምሥጢርም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ የተበደለችው ሴት የጎደላት ማስረጃ ሳይሆን ማስረጃውን የማመን መብት ነበር።

ቃሉ ከመድረክ ወርዶ ወደ ጎዳና የወጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በቀልድና በጨዋታ መካከል የሚነገር የአራዳ ቃል ሆነ። በ1969 በብሪታንያ ሁለት ሐኪሞች «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ «የጋዝ መብራት ክስተት» በሚል አርእስት፣ ሰዎች የቅርብ ዘመዶቻቸውን እብድ አሰኝተው ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ለማስገባት ያሤሩባቸውን ጉዳዮች ዘገቡ። ከዚህ በኋላ ቃሉ በሥነ ልቦና ጽሑፎች፣ ቀጥሎም በፈላስፎች ክርክር ውስጥ ቦታ አገኘ። በ2015 በእንግሊዝና በዌልስ የወጣው ሕግ፣ ቃሉን በስሙ ባይጠራውም፣ በቅርብ ዘመድ ወይም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ተደጋጋሚ የማስገደድና የመቆጣጠር ድርጊት እስከ አምስት ዓመት እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። በ2022 ደግሞ ሜሪየም ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት አሳታሚ «ጋዝላይቲንግ»ን የዓመቱ ቃል ብሎ ሰየመው፤ የቃሉን ፍቺ ፍለጋ በዚያ ዓመት በ1,740 በመቶ መጨመሩንም አስታወቀ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይገባል። ይህ በደል ከተራ ውሸት በምን ይለያል?

ተራ ውሸታም የሚፈልገው አንድን ነገር መደበቅ ነው። ላም ሰርቆ «አላየሁም» የሚል ሌባ ከዳኛው የማመዛዘን ችሎታ ጋር ጠብ የለውም። እንዲያውም ዳኛው በሚገባ እንዲያመዛዝንና የሐሰቱን ማስረጃ ተቀብሎ ነጻ እንዲያወጣው ይመኛል። የሐሰት ምስክር የሚያቆመውም ዳኛው ምስክር የሚሰማ ጆሮ እንዳለው ስለሚያምን ነው። ዓይን የሚያስክድ ሰው ግን ጠቡ ከማስረጃው ጋር ሳይሆን ከዳኛው ጋር ነው። ዳኛው የተሳሳተ ፍርድ እንዲሰጥ ሳይሆን «ከእንግዲህ ለመፍረድ አልበቃም» ብሎ ወንበሩን በገዛ እጁ እንዲለቅለት ይሻል። ውሸታም አንድ እውነት ይሰርቃል፤ ይህኛው እውነት የሚታይበትን ዓይን ይወስዳል። የተዋሸ ሰው አንድ ቀን ሐቁን ሲያገኝ «ተታልዬ ነበር» ብሎ ይቆጣል። ዓይኑን የካደ ሰው ግን ሐቁ ፊት ለፊቱ ቢቆምም ለመቆጣት እንኳ እርግጠኝነት ያጣል፤ ቁጣውንም የበሽታው ምልክት አድርጎ ይፈራዋል።

በዚህ በደል ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ተበዳዩ የሚያዝበት እጀታ ጉድለቱ ሳይሆን መልካም ጠባዩ መሆኑ ነው። መንገድ ላይ የተገኘ እንግዳ ሰው «አንተ እኮ ታመሃል» ቢል ቃሉ ስድብ ከመሆን አያልፍም። ያንኑ ቃል የሚወዱት ሰው በለሆሳስ ሲናገረው ግን ወደ ልብ ይዘልቃል። ትዕቢተኛ ሰው ይህ በደል እምብዛም አያገኘውም፤ ልሳሳት እችላለሁ ብሎ አያውቅምና። «ምናልባት ጥፋቱ የኔ ይሆናል» ለማለት የተዘጋጀ፣ ሰው አክባሪና ለመታረም ፈቃደኛ የሆነ ሰው ግን በገዛ ትሕትናው ይታሰራል። በደለኛው የሚጠቀምበት ገመድ የተፈተለው ከራሱ ከተበዳዩ ፍቅርና እምነት ነው። ስለዚህም ከክፋት ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ከተራ ማታለል ይከብዳል። ማታለል እምነትን አንድ ጊዜ ይበላል፤ ይህ ግን እምነትን ራሱን የማሰቃያ መሣሪያ ያደርገዋል።

ይህ ሲባል ግን ተቃራኒው ወገን የሚያነሣው ክርክር አይናቅም። ዛሬ ቃሉ ከመብዛቱ የተነሣ ረክሷል፤ ያልተስማማ ሁሉ፣ የተሟገተ ሁሉ፣ የረሳም ሁሉ በዚህ ስም ይከሰሳል ይላሉ። ይህ አቤቱታ እውነት አለበት። ሁለት ባልና ሚስት ከ20 ዓመት በፊት የሆነውን የሠርጋቸውን ዕለት ሲያወሩ አንዱ ዝናብ ነበር፣ ሌላው ፀሐይ ነበር ቢሉ በመካከላቸው በደለኛ የለም፤ ያለው የሰው ልጅ የማስታወስ ችሎታ ውስንነት ብቻ ነው። «አንተ እንዳልከው አልነበረም» የሚለውን የወዳጅ ቃል ሁሉ በደል ነው የሚል ሰው፣ ሳያውቀው ራሱ የወዳጁን ዓይን እየካደ ነው። እንዲህ ሲሆን በደሉን እንዲያጋልጥ የተፈጠረው ቃል በደሉን ለመፈጸሚያ ይውላል።

ስለሆነም መለያ ምልክት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚቀለው መለያ ሙግቱ ወዴት እንደሚያመራ መመልከት ነው። በቅንነት የሚከራከር ሰው ወደ ነገሩ ይሄዳል፤ «ና፣ አብረን እንይ» ይላል፤ ደብዳቤው ይውጣ፣ ጎረቤት ይጠየቅ፣ ሳጥኑ ይከፈት ይላል። ዓይን የሚያስክደው ግን ከነገሩ ሸሽቶ ወደ ሰውየው ይመጣል። «ምን ነካህ? ድሮም እንዲህ ነህ፤ ሰው ሁሉ እየታዘበህ ነው» ይላል። ሳጥኑ እንዲከፈት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሳጥኑን ለመክፈት የተነሣው እጅ እንዲንቀጠቀጥ ነው። ይህም አንድ ቀን በቁጣ ያመለጠ ቃል ሳይሆን በየዕለቱ የሚደጋገም፣ ከጊዜ ጋር የሚሠራ ነገር ነው።

ሳያስቡት ሊፈጽሙትስ ይቻላልን? በዚህ ላይ ፈላስፎች አንድ ቃል አይደሉም። በየቤቱ የሚገኝ አንድ ምሳሌ ግን ለማሰብ ይረዳል። አባትና እናት ሌሊት ሲጣሉ የሰማ ሕፃን ጠዋት ቢጠይቅ «ምንም አልሆነም፣ ሕልም አይተህ ነው» ይባላል። ወላጆቹ ክፉ አይደሉም፤ ልጁን ከጭንቀት ሊያድኑት ነው። ልጁ ግን ከዚያ ንግግር አንድ ትምህርት ይወስዳል፤ በጆሮው የሰማው ነገር የሚታመነው ትልቅ ሰው ሲፈቅድ ብቻ መሆኑን ይማራል። በአንድ ጠዋት የሚጠፋ ልብ የለም። ይህ ጠዋት መቶ ጊዜ ቢደጋገም ግን ልጁ አድጎ የሌላ ሰው «ምንም አልሆነም» ሲያጋጥመው የሚቃወምበት ጉልበት ያጣል። «ተጣልተን ነበር፤ ነገሩ ግን አንተን አይነካህም» ማለት ልጁንም ያጽናናል፣ ጆሮውንም አይክደውም። ደግ ሐሳብ በደለኛውን ከክስ ያድነው ይሆናል እንጂ ጉዳቱን አያስቀረውም።

በደሉ በቤት ግድግዳ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የምሥራቅ ጀርመን የመንግሥት ደኅንነት ሚኒስቴር፣ በተለምዶ ሽታዚ የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ በጥር ወር 1976 ባወጣው ቁጥር 1/76 መመሪያ ይህን መሰሉን ሥራ የቢሮ ተግባር አድርጎታል። መመሪያው ለዘዴው የሰጠው ስም በጀርመንኛ መበስበስን፣ መበታተንን የሚያመለክት ነው። ምሥራቅ ጀርመን በዓለም መንግሥታት ዘንድ ዕውቅና ለማግኘት በምትጥርበት በዚያ ዘመን፣ ተቃዋሚን በግልጽ ማሰር ስም የሚያጎድፍ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ተቃዋሚው ሳይታሰር፣ ሳይደበደብ፣ ከውስጥ እንዲፈርስ ይደረግ ነበር። ስሙን የሚያጠፋ ወሬ ይነዛል፤ ከወዳጆቹ ጋር ይጣላል፤ በሥራው ሁሉ ሳይታወቀው እንቅፋት ይቀመጥበታል። ባለቤቱ በሌለበት ወደ ቤቱ ተገብቶ ዕቃ ከቦታው የሚንቀሳቀስበትም ጊዜ ነበር። ምንም አይሰረቅም። ሰውየው ለወዳጁ «ቤቴ ተገብቶ ነበር» ብሎ ቢናገር «ምን ተወሰደ?» ይባላል፤ «ምንም» ብሎ ሲመልስ የወዳጁ ዓይን ላይ የሚያየው ጥርጣሬ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ይፈጽማል። የሃሚልተን ባለታሪክ ብቻውን በአንድ ቤት ያደረገውን፣ እዚህ ደመወዝተኞች በፋይልና በቁጥር አደረጉት።

መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ በታኅሣሥ 1991 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከጥር 1992 ጀምሮ ዜጎች ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ፋይል እንዲያነቡ ተፈቀደ። ፋይሉ ለብዙዎች መራራ ነበር፤ ወዳጅ ያሉት ሰው ሰላይ ሆኖ የተገኘበት ነውና። ሆኖም ያ ወረቀት ለአንዳንዶቹ ከካሣ የሚበልጥ አንድ ነገር መለሰላቸው። ያን ጊዜ ያዩት በእርግጥ የታየ፣ የጠረጠሩትም በእርግጥ የነበረ መሆኑን መሰከረላቸው። ዘግይቶ የመጣ እማኝም እማኝ ነው።

የእማኝ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ያሳየ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። በፖላንድ የተወለደው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ ዓመታት ሰዎችን በቡድን አስቀምጦ፣ ከሦስት መስመሮች መካከል ከቀረበላቸው አንድ መስመር ጋር እኩል የሚረዝመው የትኛው እንደሆነ ይጠይቃቸው ነበር። ጥያቄው ሕፃን የሚመልሰው ነው። ነገር ግን ከአንዱ በቀር የቀሩት ሁሉ ከአሽ ጋር አስቀድመው የተመካከሩ ነበሩና፣ በተወሰኑት ዙሮች በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን መስመር ይመርጣሉ። ሰው ለብቻው ሲጠየቅ ከመቶ አንድ እንኳ በማይሳሳትበት በዚህ ጉዳይ፣ የተፈተኑት 123 ሰዎች ከሰጡት መልስ 36.8 በመቶ የሚሆነው የቡድኑን ስሕተት የተከተለ ሆነ። ከተሸነፉት መካከልም ጥፋቱን በራሳቸው ዓይን ላይ ያላከኩ፣ ጉድለታቸው እንዳይታወቅባቸው የሰጉም ነበሩ።

ይሁን እንጂ የሙከራው ታላቅ ትምህርት ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው። ከቡድኑ መካከል አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ እንዲናገር ሲደረግ፣ የተፈታኞቹ ስሕተት ወደ ሩብ ያህሉ ወረደ። ያ አንድ ሰው ሙግት አልገጠመም፤ ማስረጃም አላቀረበም። ያየውን ተናገረ እንጂ። አሽ ይህ ጓደኛ በመካከሉ ወደ ብዙኃኑ እንዲዞር ሲያደርግ ደግሞ የተፈታኙ ስሕተት ወዲያው መልሶ አሻቀበ።

የ1944ቱ ፊልም ይህንኑ በሁለት ትዕይንቶች ያሳያል። በአንደኛው፣ ቤቱን ሲከታተል የቆየው መርማሪ ከሴቲቱ ጋር በክፍሉ ውስጥ ሳለ መብራቱ ይደበዝዛል፤ እርሱም ያያል፤ ማየቱንም ይናገራል። ሴቲቱ ገና ከአደጋ አልወጣችም፣ ባሏም አልተያዘም። ነገር ግን ያች ሰዓት የነጻነቷ መጀመሪያ ናት። በሌላው ትዕይንት ባልየው ተመልሶ የመርማሪውን መምጣት ሲሰማ ለማረጋገጥ አሮጊቷን ሠራተኛ ያስጠራል። ሠራተኛይቱም ሰው አላየሁም ትላለች። ምናልባት እመቤቷን ከባሏ ቁጣ ማዳኗ ይሆናል። ውጤቱ ግን ባልየው በወራት ሊፈጽመው ያልቻለውን መፈጸም ነው። ክፉው ሰው ብቻውን ያላሸነፈው ዓይን በደጓ ሴት አንድ ቃል ተካደ።

ለዚህም ነው በዚህ በደል ፊት ገለልተኛ ሆኖ መቆም የማይቻለው። በሌላ ጠብ ዝም ያለ ሰው ከሁለቱም ወገን አልቆመም ሊባል ይችል ይሆናል። እዚህ ግን በደለኛው የሚፈልገው ዝምታውን ነው፤ ተበዳዩ ብቻውን መሆኑን የሚያረጋግጥለት ያ ዝምታ ነውና። መብራቱ ሲደበዝዝ አይቶ «ከሰው ትዳር ምን አገባኝ» ያለ ጎረቤት፣ መብራቱ አልደበዘዘም ካለው ባል ጋር ተባብሯል። የእማኝ ዕዳም ከባድ ዕዳ አይደለም። ተበዳዩን ማዳን፣ በደለኛውን መርታት፣ ቤቱን ማፍረስ አይጠየቅም። የሚጠየቀው «እኔም አይቻለሁ» ማለት ብቻ ነው። ያላየው እንደሆነም «እኔ አላየሁም፤ ና አብረን እንይ» ማለት ይበቃዋል። ያላዩትን አይቻለሁ ብሎ ማጽናናት ሌላ ዓይነት ክህደት ነውና።

አማርኛ ለዚህ በደል የቀረቡ ቃላት አያጣም። ማደናገር አለ፣ ማወናበድ አለ፣ ማጃጃል አለ፤ እነዚህ ግን ነገሩ መወሳሰቡን ወይም ሰውየው መሞኘቱን እንጂ ዓይኑ መሰለቡን አይናገሩም። አፍዝ አደንግዝ የሚለው ደግሞ ጥፋቱን ወደ መድኃኒትና ወደ አስማት ያሻግረዋል፤ ተበዳዩንም የፈዘዘና የማያይ ያደርገዋል። የዚህ በደል ሰለባ ግን ነቅቶ ያያል፤ መከራውም ማየቱ ነው። ካደ ከሚለው ግሥ የሚወጣው «ማስካድ» ወደ ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። መካድ የገዛ ፈቃድ ሥራ ነው፤ ማስካድ ግን የሌላ እጅ እንዳለበት ይናገራል። ዓይንን ማስካድ ሲባል ያየ ዓይን መኖሩም፣ ያስካደው ሰው መኖሩም በአንድ ስም ይታወቃል። ስም ያልወጣለት በደል ደግሞ ተበዳዩ ለራሱ እንኳ ሊነግረው የማይችል በደል ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። አባባሉ ተስፋ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ነገር ግን ንጋቱን የሚጠብቅ ሰው ሌሊቱን የሚያድርበት ልብ ያስፈልገዋል፤ ያንን ልቡን ከወሰዱበት ጎሕ ሲቀድ እንኳ «መሸብኝ» ይላል። እንግዲህ እውነት እያደረ የሚጠራው በራሱ ጊዜ ብቻ አይደለም። በጨለማው ሰዓት የደበዘዘውን መብራት አብሮ አይቶ «አዎን፣ ደብዝዟል» የሚል አንድ ሰው ሲገኝ ነው።